ምዕራፍ ስድስት፦ የመጀመሪያው ሰሚ

በ1960 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ ሰሞን፣ ኮለምበስ ከተማ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ክፍል የሚጋሩ ሁለት ተማሪዎች ተወራረዱ። አንዱ ኬኔዲ ያሸንፋል ብሎ ገንዘብ አስያዘ፤ ሌላው አያሸንፍም ብሎ ጊታሩን አስያዘ። ኬኔዲ አሸነፈ። ጊታሩን የበላው ልጅ ፊል ኦክስ ይባል ነበር፤ የተበላው ጂም ግሎቨር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦክስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሜሪካ የተቃውሞ ዘፈን ሲነሳ ስማቸው ከሚጠራ ደራሲዎች አንዱ ስለሆነ፣ ውርርዱ እስከ ዛሬ በፈገግታ ይተረካል። እኔን የሚስበኝ ግን በውርርዱ ዙሪያ የነበረው ነገር ነው። ግሎቨር ጊታሩን አስረክቦ አልተለየውም። ጣቶቹን የት የት ክር ላይ እንደሚያሳርፍ ያሳየው እሱ ነው። ዘፋኞቹን ዉዲ ጋትሪንና ፒት ሲገርን፣ ዊቨርስ የተባለውንም ቡድን ያስተዋወቀው እሱ ነው። ዘፈንና ፖለቲካ በአንድ ማዕድ እንደሚቀርቡ ኦክስ የተረዳው ከግሎቨርና ከግሎቨር አባት ጋር ባደረገው ረጅም ጭውውት ነው።

ኦክስም ባዶ እጁን አልመጣም። አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው በካፒታል ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ብቻውን ተነስቶ የሚጫወት የክላርኔት ተማሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከኮለምበስ ጋር በተያያዘችው በቤክስሊ ይገኛል። ኦሃዮ ስቴት ሲገባ ጋዜጠኝነት መረጠ፤ ላንተርን ለተባለው የተማሪዎች ጋዜጣና ሰንዳያል ለተባለው መጽሔት ጻፈ፤ ዘ ወርድ የተባለ የራሱንም ጋዜጣ አወጣ። እንግዲህ አንዱ ዘፈን ያውቃል፤ ክር መምታት ያውቃል። ሌላው ዜማ የሚለይ ጆሮና ዜናን በጥቂት ቃል የሚቋጭ ብዕር አለው። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነበራቸው። በአንድነት መድረክ ላይ ለመውጣት ሞክረው ብዙም ሳይቆዩ ተለያዩ፤ ግሎቨር ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ኦክስ ግን በዚያ ክፍል የተቀበለውን ይዞ ዘፈን መጻፍ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በሚያዝያ 1961 በኩባ ላይ ስለተሞከረው ወረራ ነበር።

የዘፈን ደራሲ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ብቻውን ሌሊት የሚቀመጥ ሰው እናያለን። መብራት፣ ወረቀት፣ ጊታር ወይም ክራር። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ስንኝ የሚቋጠረው በብቸኝነት ነው። ነገር ግን ያ ሰው ነገም እንዲቀመጥ የሚያደርገው ከዚያ ክፍል ውጭ ያለ ነገር ነው። ሥራውን ለመስማት ጊዜ የሚሰጥ፣ ሰምቶም የተሰማውን የሚናገር፣ የሚያውቀውን የማይሰስት አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ግሎቨር ለኦክስ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። ስለዚህ ሰው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲሰባሰቡም ስለሚፈጠረው ክበብ እንነጋገር።

ከክሊቭላንድ እስከ 98ኛው ጎዳና

የኦክስ ሁለተኛው ሰሚ በዕድሜም በልምድም ይበልጠው ነበር። በ1961 ሰመር፣ ከክሊቭላንድ አጠገብ በምትገኘው ክሊቭላንድ ሃይትስ፣ ፋራገርስ በተባለ ቤት ለታዋቂ ዘፋኞች መድረክ እያሟሟቀ ሲሠራ ቦብ ጊብሰንን አገኘው። ጊብሰን በዜማ አወራረዱ የተመሰገነ የፎክ ዘፋኝ ነበር። ለጀማሪው ልጅ ጊዜ ሰጠው፤ በኋላም አብረው ጻፉ። የኦክስ ቃላት ከጊብሰን ዜማ ጋር የተጋቡባቸው ሥራዎች በ1964 በወጣው የኦክስ የመጀመሪያ አልበም ላይ ይገኛሉ። አንጋፋው ለጀማሪው «በርታ» ብቻ ቢለው ኖሮ ኦክስ ያን ቀን ይደሰት ነበር። ዜማውን ሲያካፍለው ግን ኦክስ ዜማ እንዴት እንደሚነሳና እንዴት እንደሚያርፍ ከውስጥ አየ።

ኦክስ የላንተርን ዋና አዘጋጅነት ሲያመልጠው፣ ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ትምህርቱን ትቶ በ1962 ኒው ዮርክ ገባ። የገባበት ጊዜ የተባረከ ነበር። በዚያው ዓመት በየካቲት ሲስ ካኒንግሃምና ጎርደን ፍሪሰን የተባሉ ባልና ሚስት ብሮድሳይድ የምትባል ትንሽ መጽሔት ጀምረው ነበር። ሁለቱም የኦክላሆማ ሰዎች ናቸው፤ በግራ ፖለቲካ አቋማቸው ምክንያት ለዓመታት ሥራ የተነፈጉ፣ ማንሃታን 98ኛው ምዕራብ ጎዳና ላይ በመንግሥት የኪራይ ቤት የሚኖሩ ድሆች። መጽሔቷን የሚያትሙት በስቴንስል ማባዣ ነበር። የመጀመሪያዋ እትም 300 ያህል ቅጂ ነበራት፤ ዋጋዋ 35 ሳንቲም።

አሠራሯን ልብ ብዬ ሳየው ያስደንቀኛል። ወጣት ደራሲዎች ወደዚያ ጠባብ ቤት ይመጣሉ። በየተራ አዲስ ዘፈናቸውን ለቴፕ ይዘፍናሉ፤ ሌሎቹ ተቀምጠው ይሰማሉ። ካኒንግሃም፣ ራሷ የአልማናክ ዘፋኞች የተባለው ቡድን አባል የነበረች ሙዚቀኛ፣ ቴፑን ደጋግማ እያዳመጠች ዜማውን በኖታ ትጽፈዋለች። ቃሉና ኖታው ተባዝቶ ይሰራጫል። ቦብ ዲላን በዓለም የታወቀበትን የነፋሱን ዘፈን መጀመሪያ ያሳተመው በዚህች መጽሔት በግንቦት 1962 ነው፤ በሸክላ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ። ቶም ፓክስተን፣ ባፊ ሴንት ማሪ፣ ገና ልጅ የነበረችው ጃኒስ ኢያንም በዚያ በኩል አልፈዋል። ኦክስ ደግሞ ከሁሉ አብዝቶ ከሚጽፉት አንዱ ሆነ። የኮለምበሱ የጋዜጠኝነት ተማሪ ዜና እያነበበ ዘፈን የሚያወጣ ሰው ሆነ፤ የመጀመሪያ አልበሙን ርዕስም ከኒው ዮርክ ታይምስ መፈክር ቀድቶ አጣመመው።

ካኒንግሃም የአንድን ልጅ ዘፈን ከቴፕ ወደ ኖታ ስትገለብጥ የምታደርገው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ «ሥራህ ሊቀመጥ ይገባዋል» እያለችው ነው፤ ሰዓታት የፈጀ አድናቆት ነው። ሁለተኛ፣ ዘፈኑን ሌላው እንዲማርበት ታደርገዋለች፤ ኖታው የደረሰው ሰው ቁጭ ብሎ ሊጫወተው፣ እንዴት እንደተሠራም ሊያይ ይችላል። ማድነቅና ማስተማር በእሷ እጅ አንድ ሥራ ነበሩ። በደህና ክበብ ሁሉ እንዲህ ነው። አንዱ ከሌላው የተለየ እንደሆነ ክበቡ ይታመማል፤ አድናቆት ብቻ ሲሆን መሞጋገሻ፣ ትምህርት ብቻ ሲሆን ፈተና ክፍል ይሆናል።

እዚያው ክበብ ውስጥ ሌላ የኦሃዮ ልጅ ነበር፤ ሌን ቻንድለር። አክረን ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ፣ በአክረን ሲምፎኒ ኦቦ የተጫወተ፣ ክላሲካል ሙዚቃን የተማረ ነው። ዲላን በነጮች ስለተገደለው ጥቁር ልጅ ስለ ኤሜት ቲል ለጻፈው ዘፈን ዜማውን የወሰደው ከቻንድለር ነው፤ በ1962 ሲንቲያ ጉዲንግ በሬዲዮ ስታነጋግረው ራሱ በግልጽ ተናግሮታል። የዚያ ዘመን የፎክ ዘፋኞች ዜማ መዋዋስን ነውር አያደርጉትም ነበር፤ አብዛኛው ዜማ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነውና። ይሁን እንጂ መዋዋስ ከየት እንደመጣ ከመናገር ጋር ነው ሰላም የሚሆነው። በአደባባይ «ከእሱ ወሰድሁ» ማለት ወሳጁን አያሳንስም፤ ሰጪውን ግን ስም ያለው ሰው ያደርገዋል።

ቻንድለር በኋላ ያደረገው ከሁሉ ይበልጥብኛል። በ1971 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከጆን ብራሄኒ ጋር የዘፈን ደራሲዎች መድረክ አቋቋመ። የማይታወቁ ደራሲዎች ሥራቸውን ያቀርባሉ፤ አሳታሚዎችና የሙዚቃ ሰዎች ሰምተው አስተያየት ይሰጣሉ። ይህ መድረክ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ዘለቀ። በወጣትነቱ ከክበብ የተቀበለ ሰው ለሌሎች ክበብ ሠራ ማለት ነው። የቻንድለርን ስም የሚያውቅ የሙዚቃ አፍቃሪ ከዲላን ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ በእኔ ሚዛን ግን በዚህ መጽሐፍ ከተነሱት ሰዎች ሁሉ ክብር የሚገባው እሱ ነው።

የኦክስ መጨረሻ አሳዛኝ ነው፤ መዝለልም አይገባም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብዕሩ ደረቀበት። በ1973 አፍሪካን ሲዞር ኢትዮጵያንም ረግጧል። ኬንያ ላይ ከአገሬው ሙዚቀኞች ጋር በሊንጋላና በስዋሂሊ ዘፈን ቀረጸ። ዳሬ ሰላም ላይ ዘራፊዎች አንቀው ድምፁን ጎዱት። በሕመምና በመጠጥ ተዳክሞ በሚያዝያ 1976 በ35 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ክበብ ሰውን ከሁሉ ነገር አያድንም። ቢሆንም፣ የራሱ ቃል ሲነጥፍበት የማያውቀው ቋንቋ ከሚናገሩ ሙዚቀኞች ጋር ስቱዲዮ የገባ ሰው፣ ምን ያህል ጓደኛ ይፈልግ እንደነበር ይታየኛል።

«ጥሩ ነው» አያስተምርም

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በአሜሪካ ከተሞች፣ ኮለምበስንም ጨምሮ፣ የዘፈን ደራሲዎች ክበብ ሲሰበሰብ የሚታየው ሥርዓት ቀላል ነው። ሰዎች ወንበር በክብ ያደርጋሉ። ባለ ተራው የግጥሙን ቅጂ ያድላል፤ ይዘፍናል። ዘፍኖ ሲጨርስ ማብራሪያ አይሰጥም፤ ሰሚዎቹ ይናገራሉ። የተሻሉት ክበቦች ከመተቸት በፊት ምን እንደቀረባቸው፣ የትኛው ቃል ጆሯቸው ላይ እንደቀረ ይናገራሉ። ቀጥሎ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። ምክር መጨረሻ ይመጣል፤ እሱም ደራሲው ከፈለገ።

ይህ ቅደም ተከተል ለይሉኝታ የተበጀ አይደለም። ዘፈን ደራሲ ከራሱ ሥራ ጋር ስለቆየ ጆሮው ደንቁሯል፤ የቱ እንደሚሠራ አይሰማውም። «ጥሩ ነው» ስትለው ይደሰታል፤ ግን ምን መድገም እንዳለበት አያውቅም። «ሁለተኛው አንጓ ላይ የእናትህን መቀነት ስትጠራ ልቤ ቆመ፤ አዝማቹ ሲመጣ ግን ያ ስሜት በትልልቅ ቃላት ተበተነብኝ» ብትለው፣ አድንቀኸዋል፣ አስተምረኸዋልም። ራስህም ተማርህ፤ ምክንያቱም ለምን ልብህ እንደቆመ ለመናገር የዘፈኑን አሠራር መመርመር ነበረብህ። በክበብ ውስጥ ከዘፋኙ ይልቅ ሰሚው የሚማረው ለዚህ ነው። የራስህን ሥራ በወር አንዴ ታቀርባለህ፤ የሌሎችን ግን በየጊዜው ትሰማለህ።

የክበቡ ኢኮኖሚ ከደቦ ጋር አንድ ነው። ዛሬ የአንተን አዝመራ እናነሳለን፤ ነገ የእኔን። ደቦ የሚበላሸው የራሱ ማሳ ሲታጨድ ብቻ የሚገኝ ሰው ሲበዛ ነው። ዘፈኑን አቅርቦ፣ አስተያየት ተቀብሎ፣ የሌላው ተራ ሲደርስ ስልኩን እያየ ወይም ሹልክ ብሎ የሚወጣ ሰው ክበቡን ከመጥፎ ተቺ በላይ ይገድለዋል። ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ይህን ስለሚያውቁ ተራ በዕጣ ያወጣሉ፤ ማን መጨረሻ እንደሚያቀርብ አስቀድሞ አይታወቅም።

አዲስ ሥራ ማምጣትም ግዴታ ሊሆን ይችላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ጃክ ሃርዲ የተባለ ዘፈን ደራሲ ሂዩስተን ጎዳና ባለው ቤቱ ሰኞ ሰኞ ማታ ደራሲዎችን ለዓመታት ሰብስቧል። ፓስታ ይቀቅል ነበር፤ ሰው ወይን ይዞ ይመጣ ነበር። ሕጉ አንድ ነበር፦ የምታቀርበው ዘፈን የዚያ ሳምንት ይሁን። ሱዛን ቬጋ ከዚያ ቤት ከወጡት አንዷ ናት። የሳምንቱ ገደብ ጥቅሙ ሰው ሥራውን ገና ሳይጣበቅበት እንዲያቀርብ ማድረጉ ነው። ዓመት ሙሉ የተሸከምኸውን ዘፈን ሲተቹብህ የልጅህን ፊት የሰደቡ ይመስልሃል። ትናንት የጻፍኸውን ግን ቀይረው ቢሉህ ትቀይረዋለህ።

ኮለምበስ ለእንዲህ ያለው ነገር የተመቸ ከተማ ነው። የፎክ ሙዚቃ ማኅበር አለው፤ በየዓመቱ የራሱን ፌስቲቫል ያዘጋጃል። ኮምፌስት የተባለው የማኅበረሰብ በዓል ከ1972 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ይካሄዳል፤ ጉዴል ፓርክ ውስጥ መድረኩን የሚይዙት በአብዛኛው የከተማው ሙዚቀኞች ናቸው። ትዌንቲ ዋን ፓይለትስ የተባለው ባንድ በ2009 የተመሠረተው እዚያው ነው፤ ዓለምን ከመዞሩ በፊት የከተማውን ትንንሽ መድረኮች አንድ በአንድ ሞልቷል።

ቅኔ ቤት

የአማርኛ አንባቢ እስካሁን የተባለውን ሲያነብ «ይህማ የእኛው ነው» ሊል ይገባዋል። ጃክ ሃርዲ ፓስታ ከመቀቀሉ ከብዙ ዘመን በፊት በጎንጅ፣ በዋሸራና በዋድላ ይህ ሥርዓት ነበረ።

የቅኔ ተማሪ ግሱን ከያዘ በኋላ ከሁለት ቤት ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ይባላል። ከዚያ ሦስት ቤት ወደ ሆነው ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እስከ መወድስ ይደርሳል። ቀን ቀን ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ብቻውን ነው። ከዚያ ነገራ አለ። የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ ጓደኞቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይሰማሉ። የኔታ ያርሙታል፤ ቤቱ የጎደለውን፣ ምሥጢሩ የላላውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን ያሳዩታል። ተማሪ ሲበዛ የበሰሉት ተማሪዎች የታናናሾቻቸውን ቅኔ እየሰሙ ያርማሉ። እውቀት ከላይ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ በየደረጃው ይቀባበላል።

ሁለት ነገሮች በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ቅኔ አይደገምም። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ ለነገራ አይቀርብም፤ በበዓል ቀን ማኅሌት ላይ የሚቀርበውም ለዚያ ቀን የተቆጠረ አዲስ ነው። የሃርዲን የሳምንት ሕግ የቅኔ ተማሪ ቢሰማ እንደ ልቅ ሥርዓት ነበር የሚያየው። ሁለተኛው «ይበል» ነው። መምህሩ ቅኔ ሲያበረክት ምሥጢሩ የገባው ሰሚ ሳይጠራ ከተቀመጠበት «ይበል!» ይላል። ይህ ቃል ጭብጨባ አይደለም። ያልገባው ሰው «ይበል» ቢል ይታወቅበታል፤ ስለዚህ አድናቆቱ የማወቅ ምስክር ነው። ተማሪው ማን መቼ «ይበል» እንዳለ እያየ ምሥጢሩ የት እንደተቀበረ ይማራል። አድናቆትን እንዲህ ትክክለኛ ያደረገ ሌላ የሙያ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ከቤተ ክህነት ውጭም ብንሄድ አዝማሪ ቤት አለ። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ሲዞር ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱ ደግሞ ዜማ ላይ ያሳርፈዋል። ሰሚው በዚያ ቅጽበት የግጥም ደራሲ ሆነ። የሰጠው ስንኝ ቤት ካልመታ አዝማሪው እያስተካከለ ይቀበለዋል፤ ሰጪው እርማቱን በገዛ ጆሮው ይሰማል፤ ማንም አላሳፈረውም።

ለኦሃዮ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለ። ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብ በ1963 አዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በገና፣ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታ የሚጫወቱ፣ ከተለያየ አካባቢ የመጡ ባለሙያዎችን አንድ መድረክ ላይ አስቀመጠ። እያንዳንዱ የራሱን ጨዋታ ብቻ ይዞ ያደገ ነበር፤ አብሮ ለመጫወት የግድ የሌላውን መስማት ነበረበት። በኋላ መሪነቱን የተረከበው ተስፋዬ ለማ ብዙ ሥራ ሠራበት። ኤል ዳብ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በኦሃዮ ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ፤ በ2017 ያረፈውም ኬንት ከተማ ነው። ከኮለምበስ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዱ የሚደረስበት ቦታ ነው።

ዜማዬን ይሰርቁኛል

ክበብ እንፍጠር ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ፍርሃት ይህ ነው፤ መሠረት የሌለው ፍርሃትም አይደለም። ከኮለምበስ በስተ ሰሜን በምትገኘው ዌስተርቪል፣ ኦተርባይን ዩኒቨርሲቲ የሚማር ቤንጃሚን ሃንቢ የተባለ ወጣት ነበር። የቤተሰቡ ቤት ከባርነት የሚያመልጡ ሰዎች የሚሸሸጉበት ነበር። አንድ ያመለጠ ሰው በእነሱ ቤት ሊሞት ሲል ስለተሸጠችበት ፍቅረኛው የነገራቸውን መነሻ አድርጎ ሃንቢ ዘፈን ጻፈ። ቦስተን ያለ አሳታሚ በ1856 አሳተመው፤ ዘፈኑ አሜሪካን አጥለቀለቀ። ሃንቢ ከሽያጩ ያገኘው ከጥቂት ቅጂ እምብዛም አይበልጥም። በ1867 በ33 ዓመቱ ሞተ፤ ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ከዚህ ታሪክ «ሥራህን ደብቅ» የሚል ትምህርት የሚያወጡ አሉ። እኔ ተቃራኒውን ነው የማነበው። ሃንቢ የተጎዳው ዘፈኑን ለጓደኞቹ ስላሰማ አይደለም፤ ለማያውቀው ነጋዴ ብቻውን ስለላከ ነው። ውል ምን እንደሆነ፣ አሳታሚ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው የሙያ ጓደኛ አልነበረውም። ናሽቪል ላይ በ1967 የተመሠረተው የዘፈን ደራሲዎች ማኅበር በየከተማው ቅርንጫፍ እየከፈተ ሲሄድ አባላቱ ከዜማ እኩል ስለ ውልና ስለ ሮያሊቲ የሚነጋገሩት ለዚህ ነው።

ሕጉም ዛሬ እንደ ሃንቢ ዘመን አይደለም። በአሜሪካ ከ1978 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የቅጂ መብት ሕግ፣ ዘፈንህ በወረቀት ሲሰፍር ወይም ሲቀረጽ የአንተ ነው፤ ለጥበቃው ማስመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ክስ ለመመሥረት ግን ያስፈልጋል። በኢትዮጵያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለሙዚቃ ሥራ ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ ክበብ ከመሄድህ በፊት ዘፈንህን በስልክህ ቅረጸው፤ ቀኑ ይመዘገባል። ሁለት ሰው አብሮ ከጻፈ የድርሻውን ጉዳይ እዚያው ማታውን ተነጋግሮ መጻፍ ነው። ናሽቪል ውስጥ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ እኩል ይካፈላል የሚል ልማድ ሰፍቶ አለ፤ እኔ ይህን ልማድ እወደዋለሁ፣ ማን ስንት ቃል አዋጣ እያሉ መቁጠር ጓደኝነትንም ዘፈንንም ይበላልና።

እኛ ዘንድ ሥራው ከድሮም የተከፋፈለ ነው። የካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ እየተባለ ይጻፍ ነበር። የአበበ መለሰ ዜማና የይልማ ገብረአብ ግጥም ሲገናኙ ምን እንደወለዱ የአማርኛ ዘፈን ሰሚ ሁሉ ያውቃል። ይህ ልማድ ለክበብ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሁሉን ነገር አንድ ሰው ካልሠራው አይልምና። ጉድለቱ ሦስቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት አለመቀመጣቸው ነው። ግጥሙ ይላካል፤ ዜማው ይላካል፤ ቅንብሩ ስቱዲዮ ይሠራል። በስደት ደግሞ አንዱ ኮለምበስ፣ አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆኖ በድምፅ መልእክት ይገናኛሉ። ዘፈኑ ያልቃል፤ ግን ግጥም ጸሐፊው ዜማ ደራሲው ለምን አንድ ቃል እንደቀየረበት ሳያውቅ ይቀራል። ትምህርቱ የነበረው እዚያ «ለምን» ላይ ነበር።

ኮለምበስ ውስጥ ለዚህ መሠረቱ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ክፍል አንዱ ግጥም ሲያመጣ ሌላው ዜማ ሲያወጣለት፣ አባቶች ምሥጢሩን ሲያርሙለት ያደጉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ክበብ እንዴት እንደሚሠራ ያውቁታል፤ ክበብ መሆኑን ሳይሉት። ቅኔ ቤት አልፈው የመጡ መምህራን ከተገኙ ደግሞ በማንኛውም የአሜሪካ ማኅበር የማይገኝ ሀብት ነው። ዓለማዊ ዘፈን ባይጽፉም ቤትና ምሥጢር ማረም ይችላሉ፤ ሊጠየቁ ይገባል።

ስለዚህ ለምታነቡት የምለው ይህ ነው። አራት ሰው ይበቃል፦ ሁለት ግጥም የሚሞክሩ፣ አንድ ዜማ የሚያወጣ፣ አንድ ደህና ሰሚ። የኮለምበስ ሜትሮፖሊታን ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፎች መሰብሰቢያ ክፍል አላቸው፤ ጠይቁ። በወር አንድ ቅዳሜ ያዙ። ተራውን በዕጣ አውጡ፤ ዕጣ ያልደረሰውም እስከ መጨረሻ ይቀመጥ። ያልገባችሁን አታሞግሱ፤ የገባችሁን ግን ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «ይበል» በሉ፣ ለምን እንደሆነም ለባለ ተራው ንገሩት። ወጣቱ እንግሊዝኛ ቀላቅሎ ቢያመጣ አትመልሱት፤ አማርኛው የት እንደላላ አሳዩት። በመጀመሪያው ቀን ማንም ባዶ እጁን አይምጣ፤ አዲስ የሆነ ሁለት ስንኝ ይበቃል።